የሠርጉን ቀን አስቀድሞ ማሳወቂያ ካርድ

ጥያቄ፦ ሠርጋችን ጥር 15 ቀን 2019 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ዋሽንግተንና ዱባይ ላሉ ዘመዶቻችን ቀኑን የሚያሳውቅ ካርድ ራሳችን ልንሠራ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ «ቅዳሜ ጥር 15 ቀን 2019 ዓ.ም.»፣ ከሥሩ «ጃንዋሪ 23 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.»። ውጭ ያለ ዘመድ ፈቃድ የሚጠይቀውም ቲኬት የሚቆርጠውም በዚያኛው ነው። «ቅዳሜ» የሚለውን አትተዉ፤ ቁጥሩ ቢሳሳት ወዲያው ያጋልጣል። አዳራሹና ሰዓቱ ለዋናው የጥሪ ካርድ ይቆዩ፤ ስማችሁ፣ ቀኑና ከተማው ይበቃል።

ከአንድ ኤ4 ወረቀት አራት ካርድ ይወጣል። 250 ግራም ወረቀት የቤት ፕሪንተር ብዙ ጊዜ ስለማይስበው ማተሚያ ቤት ውሰዱት። ሲቆረጥ ፊደል እንዳይነካ ጽሑፉን ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር አርቁ። ለሩቆቹ በቴሌግራም ይበቃል፤ ለአያቶቻችሁ ግን ካርዱን በእጃችሁ አድርሱላቸው።