የቀይ ቀበሮ ዘመዶች

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ባሌ ሳነቴ ላይ ያየነው ቀይ ቀበሮ የግራጫ ተኩላ የቅርብ ዘመድ ነው ሲባል ሰማሁ። አፈሙዙ ሹል፣ ቁመናው ቀጭን፤ ተኩላ የሚያሰኘው ምኑ ነው?

አዛውንቱ፦ መልኩማ ኑሮው የሰጠው ነው። የፍልፈልና የአይጥ ጉድጓድ ላይ ሲያደባ የሚውል አውሬ አፈሙዙ ቢሾል ምን ይገርማል? እ.ኤ.አ. በ1994 የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤው ሲመረመር ግን ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለግራጫ ተኩላና ለሰሜን አሜሪካው ኮዮቴ ቀርቦ ተገኘ።

ወጣቷ፦ ዝምድናው የሚታወቀው የዲኤንኤውን ልዩነት ቆጥሮ በትንሹ የሚለያዩትን በማጣመር ነው?

አዛውንቱ፦ መቁጠሩ መነሻ ነው እንጂ አይበቃም። ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ አንድ ፊደል ቢስት፣ ከእሱ የገለበጡት ሁሉ ስህተቱን ይዘውት ይሄዳሉ። ሁለት መጻሕፍት ያንኑ ስህተት ከተጋሩ ምንጫቸው አንድ ነው ትያለሽ። ያልተሳተውን ፊደል መጋራታቸው ግን ምንም አይነግርሽም፤ እሱማ የሁሉም ነው። እዚህም የሚፈለገው አብሮ የተወረሰ ለውጥ ነው።

ወጣቷ፦ የቱ የጥንቱ፣ የቱ ለውጥ እንደሆነ በምን ይለያል?

አዛውንቱ፦ ራቅ ያለ ዘመድ፣ ለምሳሌ የአፍሪካን የዱር ውሻ፣ አብረሽ ታሰልፊያለሽ። እሱ የያዘው ብዙ ጊዜ የጥንቱ ነው። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት፤ የዲኤንኤ ፊደሎች አራት ብቻ ስለሆኑ አንዱ ቦታ ሁለቴ ሊለወጥ፣ ባዕዳንም በአጋጣሚ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስሌቱ ይህንንም ማሰብ አለበት።

ወጣቷ፦ ከዚያ በኋላ የዝምድናው ዛፍ ተሣለ፣ አለቀ?

አዛውንቱ፦ የማን ዛፍ? ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ነው። ባሌ ውስጥ ከወንድ ውሻና ከሴት ቀይ ቀበሮ የተወለዱ ድቅሎች በእሱ ብቻ ሲታዩ ጥርት ያሉ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው! ጉዱን ያወጣው ከሁለቱም ወላጆች የሚመጣው የኒውክሊየስ ዲኤንኤ ነው። በአንድ ዘረመል ብቻ የተሣለ ዛፍ ሲያሳዩኝ እኔ በበኩሌ ልቤ አያርፍም።

ወጣቷ፦ ሙሉው ጂኖም ሲነበብስ ይጠራል?

አዛውንቱ፦ አንዳንዴ ይብሳል እንጂ! የአፍሪካው ወርቃማ ተኩላ ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ዝርያ ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2015 በጂኖም ማስረጃ ተለየ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ 72 በመቶ ያህሉ ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶ ያህሉ ከኛው ቀይ ቀበሮ የመጣ ድቅል ነው ተባለ። የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ታስቀምጪዋለሽ?

ወጣቷ፦ ከሁለቱም መስመር ስቤ መሃል ላይ።

አዛውንቱ፦ ሳቢ። ግን መጀመሪያ ናሙናው ከስንት እንስሳ፣ ከየት ከየት እንደተወሰደ ጠይቂ።