ወደ ጉጌ ከመውጣታችሁ በፊት

ጥያቄ፦ በታኅሣሥ ከጓደኞቼ ጋር ጉጌ ተራራን ልንወጣ አስበናል። የመጀመሪያውን ሌሊት ጫሞ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን ብናድርስ?

መልስ፦ ወሩን በደንብ መርጣችኋል፤ ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ይበዛል። ጫሞ ዳር ግን አትደሩ። አዞው ብቻ አይደለም፤ ጉማሬም ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ መንገዱ ላይ ያገኘውን ድንኳን አይምርም።

ከጫሞ አጠገብ ያለችው አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉጌ ከዚያ እጅግ ከፍ ይላል። ስለዚህ በደጋዋ ጨንቻ ከተማ ሁለት ሌሊት እደሩና በእንሰቱ ጓሮ መካከል እየተራመዳችሁ ከፍታውን ተለማመዱ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጠናበት ካለ፣ ያለ ክርክር ወደ ታች ይዛችሁት ውረዱ። ለብርዱ የዶርዜ ሸማኔዎች ቡልኮ አላቸው።

ድንኳን የምትተክሉበትን ቦታ ሽማግሌዎችን አስፈቅዱ። ለመኝታ የሚያጓጓው ለምለም መስክ ዱቡሻ፣ ማለትም የጋሞ ሽማግሌዎች የሚመክሩበትና የሚያስታርቁበት የተከበረ አደባባይ ሊሆን ይችላል። መንገድ መሪም ከዚያው አካባቢ ያዙ።