ከቤን ጉሪዮን ወደ ነታንያ፦ መጀመሪያ ቀኑን ይዩ

ለዘመድ ጥየቃ፣ ለሠርግ ወይም ለስግድ ወደ እስራኤል የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ መድረሻው ነታንያ ናት። በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር በተቀመጠችው በዚህች ከተማ ከአገሪቱ ትልልቅ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል። ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ እስከዚያ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ካልተጨናነቀ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ተጓዡን የሚያጉላላው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፍበት ቀን ነው።

ትኬት ሲቆርጡ

የእስራኤል ባቡር ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ ይቆማል። እንደገና የሚነሳው ቅዳሜ ማታ ከጨለመ በኋላ ነው። አብዛኛው አውቶቡስም እንዲሁ ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ የዓርቡ የመጨረሻ ባቡር ከሰኔና ከሐምሌው ቀደም ብሎ ይሄዳል። አውሮፕላን ማረፊያው ግን በሰንበትም ክፍት ነው፤ የእስራኤሉ ኤል አል ባይበርም ሌሎች አየር መንገዶች መንገደኛ ያራግፋሉ። ዓርብ ቀትር ላይ የሚያርፍ ሰው የፓስፖርትና የሻንጣ ሰልፍ ጨርሶ ሲወጣ ባቡሩ ሊያመልጠው ይችላል። የዓርብና የቅዳሜ ትኬት ረከሰ ብሎ የሚገዛ፣ ያተረፈውን ለታክሲ እንደሚከፍል ይወቅ።

ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለውን ይምረጡ። እሑድ ጠዋትና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ባቡሩ ወደ ጦር ሰፈራቸው በሚሄዱና ወደ ቤታቸው በሚመለሱ ወታደሮች ይሞላል፤ ትልቅ ሻንጣ ይዞ መቆሚያ ማግኘት ራሱ ትግል ነው።

በዓላትንም ይመልከቱ። በዮም ኪፑር አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ ይዘጋል። ስግድ በ2008 እ.ኤ.አ. በክኔሴት (በእስራኤል ፓርላማ) ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ቢታወጅም ትራንስፖርት አያቆምም፤ ያን ዕለት ግን አስተናጋጆችዎ በዓሉን ለማክበር ወደ ኢየሩሳሌም ስለሚወጡ ቤት የሚቀበልዎት ሰው መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሌላው ፈቃድ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ቪዛውን አስቀድሞ ማግኘት አለበት። የአሜሪካ ወይም የአብዛኞቹ አውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያለው ቪዛ ባይጠየቅም፣ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመብረሩ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆኖበታል።

ካረፉ በኋላ

ፓስፖርት ሲያሳዩ የሚሰጥዎትን ትንሽ ወረቀት አይጣሉ፤ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ስለማይመታ የመግቢያ ማስረጃዎ እሱ ነው። ሻንጣ እየጠበቁ በአውሮፕላን ማረፊያው ነፃ ዋይፋይ ለዘመድ ደውለው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «ቤታችሁ ለየትኛው ባቡር ጣቢያ ይቀርባል?» መልሱ ለምን እንደሚያስፈልግ ዝቅ ብሎ ይመጣል።

ሰዓትዎንም ያስተካክሉ። በሙቀቱ ወራት የእስራኤል ሰዓት ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ነው፤ በብርዱ ወራት ግን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ሰሌዳው ላይ 15:00 ካለ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ለመጡ እናቶችና አባቶች ይህን ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መስጠት ጥሩ ነው፤ 03:40ን በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3:40 አድርጎ ያነበበ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጣቢያ ይቀመጣል።

ባቡሩ

ጣቢያው እዚያው ተርሚናል 3 ሥር ስለሆነ ወደ ውጭ መውጣት አያስፈልግም፤ የባቡር ምልክት ተከትለው ይሂዱ። ከትኬት መስኮቱ ራቭ ካቭ የሚባለውን ካርድ ለእያንዳንዱ ተጓዥ አንድ አንድ ይግዙና ገንዘብ ያስሞሉ። ይኸው ካርድ በኋላ በከተማ አውቶቡስም ይሠራል፤ ሾፌሮች ጥሬ ገንዘብ መቀበል ትተዋል። ካርዱን መግቢያው ላይ ካስነኩ በኋላ ኪስዎ ውስጥ አይቅበሩት፤ መውጫው ላይም ይጠየቃል። ቡና፣ በርበሬና ሽሮ የታጨቀ ሻንጣ የያዘ ሰው በተንቀሳቃሹ ደረጃ ከመታገል ሊፍቱን ይፈልግ።

ከዚህ ጣቢያ ባቡሮች በሁለት አቅጣጫ ይሄዳሉ። ወደ ኢየሩሳሌምና ሞዲዒን የሚለውን ይተዉ፤ የእርስዎ ወደ ቴል አቪቭ የሚሄደው ነው። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የቴል አቪቭ የመጀመሪያ ጣቢያ ሃሃጋና ይመጣል። ከዚያ ሃሻሎም፣ ሳቪዶር መርካዝ፣ ዩኒቨርሲቲ ይከተላሉ። ሳይቀይሩ ነታንያ የሚያደርስ ባቡር ካለ የባቡሩ መተግበሪያ ወይም ሞቪት ያሳይዎታል። ከሌለ ሳቪዶር መርካዝ ላይ ወርደው ከበሩ ሳይወጡ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ይጠብቁ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ወደ ሰሜን የሚሄድ ባቡር ሁሉ ነታንያ አይቆምም፤ ወደ ሃይፋ ከሚፈጥኑት መካከል ዝም ብለው የሚያልፉ አሉ። ቢንያሚና ድረስ የሚሄደውና በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር ቀስ ቢልም አስተማማኝ ነው። ከመሳፈርዎ በፊት ሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን ጣቢያ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚቆምባቸውንም ያንብቡ። ከቴል አቪቭ ያለው ጉዞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

አሁን ወደ ዘመድዎ መልስ እንመለስ። ከደቡብ ሲመጡ ሁለት የነታንያ ጣቢያዎች ያጋጥማሉ፤ መጀመሪያ ነታንያ ሳፒር፣ ቀጥሎ ነታንያ። ሳፒር በደቡብ በኩል ባለው የኢንዱስትሪ አካባቢ ስለሆነ፣ መሀል ከተማ ወይም ባሕሩ ዘንድ የሚሄድ ሰው «ነታንያ» የሚለውን ስም ብቻ ሰምቶ እዚያ መውረድ የለበትም።

ሌሊት የሚያርፉ ከሆነ ደግሞ መተግበሪያውን ሳያዩ ባቡር አለ ብለው አይተማመኑ፤ የሐዲድ ጥገና የሚደረገው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው።

ባቡር በሌለበት

በሰንበት ያለው ምርጫ ታክሲ ነው። አዳራሹ ውስጥ «ታክሲ ልጥራልዎት» የሚልን ሰው አልፈው ተርሚናሉ ፊት ለፊት ወዳለው ኦፊሴላዊ ተራ ይሂዱ። ከመነሳትዎ በፊት ቆጣሪው መከፈቱን ያረጋግጡ፤ የሌሊትና የሰንበት ታሪፍ ከቀኑ ይበልጣል፣ ለሻንጣም ተጨማሪ ይከፈላል። መኪና ያለው ዘመድ ካለ ግን ሰንበት የማይነዳ መሆን አለመሆኑን ጠይቀው እንጂ ዝም ብለው ና ውሰደኝ አይበሉ፤ አንዳንዱ እንግዳ ላለማስቀየም ሲል እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ከጣቢያው ወደ ባሕሩ

የነታንያ ጣቢያ በከተማዋ ምሥራቅ ዳር ነው፤ ባሕሩ በምዕራብ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሻንጣ ከሌለዎት በሄርዝል መንገድ ቀጥ ብለው ቢሄዱ ኪካር ሃዓጽማኡት የሚባለው የነፃነት አደባባይ ላይ ይደርሳሉ፤ ካለዎት የከተማ አውቶቡስ ይያዙ።

ከአደባባዩ ባሕሩ ከገደል ሥር ይታያል። ነታንያ አፋፍ ላይ የተሠራች ስለሆነች ወደ አሸዋው መውረድ ጉልበት ይፈልጋል፤ እግሩን የሚያመው ሰው በሲሮኒት ባሕር ዳርቻ ያለውን ሊፍት ይጠቀም። በሰሜን በኩል ያለው የኪርያት ጻንዝ ባሕር ዳርቻ ወንድና ሴት ተለይተው የሚዋኙበት ነው፤ ቤተሰብ ሆነው የሚሄዱ ይህን ይወቁ። የነፍስ አዳኞቹ ማማ ላይ ነጭ ባንዲራ ካለ ባሕሩ የተረጋጋ ነው። ቀይ አደገኛ ነው፤ ጥቁር ከተሰቀለ መዋኘት ክልክል ነው። ማማው ባዶ ከሆነም እንደ ጥቁር ይቁጠሩት፤ ጣና ላይ ዋና የለመደ ሰው ሳይቀር የሜዲትራኒያን ሞገድ ወደ ውስጥ ሲስብ ሊያቅተው ይችላል።