የገብስ ብቅልን ጥራት በጠላ ቅምሻ ስለ መመዘን

በመንዝ ደጋ ገብስ ለጠላ ብቅልም ይውላል። ማኅበራት ብቅል በብዛት ከመረከባቸው በፊት ናሙናውን በሚከተለው ቅደም ተከተል እንዲመዝኑ እንመክራለን።

1ኛ/ በመጀመሪያ ብቅሉ ይሽተት። ሻጋታ ከሸተተ አይቀመስ፣ አይጠመቅም፤ የሻጋታ መርዝ በመፍላት አይጠፋም።

2ኛ/ 100 ፍሬ ተቆጥሮ ያልበቀለው ይለይ። በሚገባ የበቀለ በጥርስ ሲሰበር ይደቃል፣ ይጣፍጣልም፤ ያልበቀለ ጠጣር ነው።

3ኛ/ ናሙናው ተጠምቆ ይቀመስ። የጠላ ጥቁረት በአብዛኛው ከአሻሮው ቁላት ስለሚመጣ በመልኩ አይፈረድ። ከጌሾው ምሬት ጋር የብቅሉ ጣዕም ሊሰማ ይገባል። ጠላው ውሃ ውሃ ካለ ብቅሉ ይጠርጠር፤ ከኮመጠጠ ግን አስቀድሞ የጋኑ ንጽሕናና የጠላው አያያዝ ይመርመር።

ማሳሰቢያ፦ በአንድ የኮመጠጠ ቅምሻ ብቻ የገበሬው ብቅል አይመለስበት።