የታመመን ወዳጅ መጠየቅ፦ በሽታው የእግር ሲሆን

የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ወንድሙ ላይ ካሉት ሐቆች አንዱ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። እገሌ ሆስፒታል ገባ ሲባል ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን፤ «አላህ አፊያ ያድርግህ» ብለን ዱዓ አድርገን እንመለሳለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በሽታው በሳምንት የማይለቅ፣ ወራትና ዓመታት የሚፈጅ ሲሆን የወዳጅነት ሐቅ እስከ ምን ድረስ ነው? ይህን ጥያቄ በአንድ በሽታ ምሳሌነት ማየት እፈልጋለሁ። በሽታውም ዝሆኔ ነው።

ምሳሌዬን የማመጣው ከማውቀው አገር፣ ከአምባሰል፣ ከግሸን አካባቢ ነው። ግሸን ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚወጡበትን አምባ ነው። እኔ የማነሳው የአገሩን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ውሃ ለመቅዳት ይወረዳል፤ ለመመለስ ይወጣል። ገበያውም፣ መስጊዱም፣ ጤና ጣቢያውም እንዲሁ ነው። በእንዲህ ያለ አገር እግሩን የታመመ ሰው የሚያጣው እግሩን ብቻ አይደለም። ገበያውን፣ ጁምዓውንና የቅሬ ስብሰባውን አብሮ ያጣል።

ዝሆኔ ምንድን ነው?

በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል የሚታየው ዝሆኔ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በቆላ በትንኝ ንክሻ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ነው። መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የአፈር ብናኞች ይገባሉ። እነዚህም የሰውነትን ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች እያስቆጡ በመጨረሻ ይደፍኗቸዋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል፤ ቆዳውም ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃል። የበሽታውንና የአፈሩን ግንኙነት በሰፊው ያጠኑት በኢትዮጵያ የሠሩት ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ ለዚህ አፈር የመጠቃት ዝንባሌ በዘር ሊወረስ እንደሚችል አሳይቷል። በአንድ ማሳ ከሚውሉ ጎረቤታሞች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የሚወረሰው ዝንባሌው እንጂ በሽታው አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ የሚያደርግ ሰው ይጠበቃል። ከሰው ወደ ሰውም ፈጽሞ አይተላለፍም። በመላ አገሪቱ 659 ወረዳዎች በተዳሰሱበት ጥናት በሽታው በ345ቱ ተገኝቷል። የታማሚዎቹም ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ እንደሚሆን ተገምቷል።

ሕመሙ ሁለት ነው

የመጀመሪያው የሥጋ ሕመም ነው። ያበጠው እግር በየጊዜው ይነሳበታል፤ ይግላል፣ ይቀላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይከተላል፣ ሰውየውም ለቀናት አልጋ ላይ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ለ12 ወራት ተከታትሎ ነበር። እንክብካቤው ወዲያው ያልተጀመረላቸው ታማሚዎች በዓመት በአማካይ 24 ጊዜ ያህል ተነስቶባቸዋል። ይህ ማለት በወር ሁለት ጊዜ መተኛት ነው። እግር ማጠብን፣ ቆዳ ማለስለስን፣ በፋሻ መጠቅለልን፣ እግር ማንቀሳቀስንና ካልሲና ጫማ ማድረግን የተማሩት ደግሞ ወደ 19 ጊዜ ወርዶላቸዋል። ልብ በሉ፤ ከትምህርቱ ጋር ከራሳቸው ከማኅበረሰቡ የተመረጡ፣ ሐኪም ያልሆኑ ረዳቶች ያግዟቸው ነበር።

ሁለተኛው ሰው የሚያመጣው ሕመም ነው። እርግማን ነው፣ ይጋባል፣ በዘር ይወርዳል እየተባለ ታማሚው ከትምህርት ቤት፣ ከጋብቻ፣ ከስብሰባ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድም ጭምር እንደሚገለል በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች መዝግበዋል። መስጊድ የሚለው ቃል እዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ሊያሳፍረን ይገባል። ከእግሩ ሕመም ይልቅ በሶፍ መካከል አጠገቡ የነበረው ሰው ፈቀቅ ማለቱ የበለጠ የሚያመው ወንድም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ ካልወጣም አይታከምም። ስለዚህ የወዳጅ መኖር ለሕክምናው ተጨማሪ ነገር ሳይሆን የሕክምናው በር ነው።

ወዳጅ ምን ያድርግ?

በግሸን ግርጌ የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ በዚህ በሽታ ተይዞ ሲሻለው አይቻለሁ። ከወዳጆቹ የተማርኩትን በተራ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ውሃ ይቅዱለት። የዝሆኔ እንክብካቤ በየቀኑ እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብን፣ ጤና ባለሙያ በሚነግረው መጠን ፀረ ጀርም በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍን፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅን፣ ቫዝሊን መቀባትንና እግርን ከፍ አድርጎ መተኛትን ይጠይቃል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ምንጩ ከቁልቁለቱ ሥር ለሆነበት በሽተኛ ግን አንድ ጀሪካን ውሃ ተራራ ነው። የአብሮ አደጌ ወዳጆች ቀን ተከፋፍለው ውሃውን ያደርሱለት ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ክርስቲያን ጎረቤቱ ነው።

ሁለተኛ፣ በተነሳበት ቀን ይቅረቡት። እግሩ ሲግል መጠቅለልም ሆነ እግሩን ማሠራት አይገባም። ማረፍ፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማሳረፍና መድኃኒት ወደሚገኝበት ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። በዚያ ቀን የሚያስፈልገው ወዳጅ በቅሎ ይዞ የሚመጣው ነው።

ሦስተኛ፣ ጫማውን ይፈልጉለት። ያበጠ እግር ከሱቅ በተገዛ ጫማ አይገባም፤ በልኩ ማሠራት ያሻል። ጫማ የሌለው ታማሚ ታጥቦ ተመልሶ እዚያው አፈር ላይ ይቆማል።

አራተኛ፣ በዒባዳው ያግዙት። ውዱእ እግር ማጠብን ስለሚጨምር ሙስሊም ታማሚ የእንክብካቤው ግማሽ በእጁ ነው፤ የሚቀረው ማድረቁና መቀባቱ ነው። ውሃው ቁስሉን የሚጎዳበት ወይም እግሩ በፋሻ የታሰረበት ሰው፣ ቆሞ መስገድ ያቃተውም፣ በሸሪዓችን የተፈቀደለት ማቅለያ አለ። ወዳጁ ዓሊም ዘንድ አብሮት ይጠይቅ። ከሁሉም በላይ ሶፍ ውስጥ ትከሻውን ከትከሻው ያግጥም።

አምስተኛ፣ አይዘኑለት፤ ያሳትፉት። «ምስኪን» የሚባል ሰው ከሸንጎ ይወጣል። አብሮ አደጌን የቅሬው ዳኛ የመዝገብ ጸሐፊ አደረገው፤ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ነውና። ሲሻለው ያየሁት እብጠቱ መቀነሱን ብቻ አይደለም። ነጠላውን እግሩ ላይ መጣሉን ትቶ ነበር።

ይህ የአንድ መንደር ወግ ብቻ አይደለም። በወላይታ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የዝሆኔ ሕክምናና መከላከል ሥራ ታክመው የተሻላቸውን ሰዎች ሌሎችን እንዲያስተምሩና እንዲያክሙ አሰማርቷል። ትናንት የሸሸጉት እግር ዛሬ ለሌላው ማስተማሪያ ሆነ ማለት ነው።

ቅሬ ለሞት ብቻ ነውን?

የወሎ ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ላይ ያሰባሰበ፣ ሬሳ የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን፣ በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያደርስ ትልቅ ቅርሳችን ነው። የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰው ሲሞት አርባ ሰው ይወጣለታል። ያው ሰው በሕይወት ሳለ አንድ ጀሪካን ውሃ የሚያመጣለት ካጣ መውጣታችን ለማን ነው? ቃሬዛ መግዛት የቻለ ቅሬ መታጠቢያ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊንና አንድ ጥንድ ልክ ጫማ አያቅተውም። ለዚህ የሚጎድለው ገንዘብ ሳይሆን ማሰቡ ነው።

በከተማ ያለን የገጠር ልጆችም ድርሻ አለን። ለዒድ ገንዘብ ስንልክ «እገሌ እግሩ እንዴት ነው?» ብለን በስሙ እንጠይቅ፤ የእግሩን ልክ አስለክተን ጫማውን እንላክ። ለታናናሾቹና ለልጆቹም ዛሬውኑ ጫማ እንግዛ፤ ጫማ ያደረገ ልጅ ነገ የእኛን ጥየቃ አይፈልግምና። በየከተማችን በእድርና በጀማዓ የተሰባሰብንም ብንሆን በአጠገባችን ስብራት፣ የስኳር ቁስል ወይም ሌላ የእግር ሕመም አልጋ ላይ ያዋለው ሰው አይጠፋም። ብርቱካኑን ይዘን አንድ ቀን ከመሄድ ቀን ተከፋፍለን ብዙ ቀን እንሂድለት።

አላህ ሕሙማንን ሁሉ አፊያ ያድርግ። ወላሁ አዕለም።