ከስሌቱ በፊት ግብዓቱን፦ ፋይል የሚያነብ ስክሪፕት ሲሳሳት የት እንፈልግ?

ፋይል አንብቦ፣ አስልቶ፣ ውጤቱን ወደ ሌላ ፋይል የሚጽፍ ትንሽ ስክሪፕት በሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ እጅግ የተለመደ መሣሪያ ነው። የሜትሮሎጂ ተማሪ የዝናብ መዝገቡን፣ የባዮሎጂ ተማሪ የናሙና ሠንጠረዡን፣ የፊዚክስ ተማሪ የመለኪያ ንባቡን የሚያጣራው ብዙውን ጊዜ ከሃያ ወይም ከሠላሳ መስመር በማይበልጥ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አጭር በመሆኑ ማንም በጥርጣሬ አይመለከተውም፤ ስሕተት በታየ ጊዜም ዐይናችን ቶሎ የሚያርፈው በስሌቱ መስመሮች ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን የችግሩ ምንጭ በአመዛኙ ስሌቱ ሳይሆን በትእዛዝ መስመሩ በኩል ወደ ፕሮግራሙ የገባው ነገር መሆኑን፣ ፍለጋውም ከዚያ መጀመር እንዳለበት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ «ደምር» የተባለ ስክሪፕት አለ እንበል። ስክሪፕቱ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይቀበላል፦ የዝናብ መዝገቡን የያዘውን ፋይል ስም፣ ውጤቱ የሚጻፍበትን ፋይል ስም፣ እንዲሁም የመጨረሻውን ወር ቁጥር። መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተያዘ ነው፤ በየመስመሩ የወሩ ቁጥርና የዝናቡ መጠን በሚሊ ሜትር ሰፍሯል። መስከረም 1፣ ጳጉሜን 13 ነው። ስክሪፕቱ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ተሰጠው ወር ያለውን ዝናብ ደምሮ ይጽፋል። ተጠቃሚው እስከ ግንቦት ያለውን የባሕር ዳር ዝናብ ለማወቅ ፈልጎ የሚከተለውን ትእዛዝ ይሰጣል (ለኅትመት እንዲመች የትእዛዙን ቃላት ሁሉ በፊደላችን አስፍረናቸዋል)፦

ፓይተን ደምር ባሕር ዳር ውጤት 9

ኮምፒውተሩ የሚመልሰው «ባሕር» የሚባል ፋይል አለመኖሩን ነው። ተጠቃሚው ፎልደሩን ከፍቶ ይመለከታል፤ ፋይሉ በቦታው ተቀምጧል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፕሮግራሙን መነካካት ይጀምራል።

የሆነው ነገር የሚከተለው ነው። በተጠቃሚውና በስክሪፕቱ መካከል ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም አለ፤ ባለሙያዎች «ሼል» ይሉታል። ሼሉ የተጻፈውን መስመር ክፍት ቦታ ባገኘበት ሁሉ እየቆረጠ፣ ቁራጮቹን «አርጉመንት» በሚባል ዝርዝር መልክ ለስክሪፕቱ ያስረክባል። በፓይተን የዝርዝሩ 0ኛ ቦታ የስክሪፕቱ የራሱ ስም ነው። ስለዚህ ከላይ በጻፍነው ትእዛዝ 1ኛው «ባሕር»፣ 2ኛው «ዳር»፣ 3ኛው «ውጤት»፣ 4ኛው «9» ይሆናል። ስክሪፕቱ «ባሕር»ን ሊያነብ፣ በ«ዳር» ላይ ሊጽፍ፣ «ውጤት»ን የወር ቁጥር አድርጎ ሊወስድ ነው ማለት ነው። የውጤቱን ፋይል አስቀድሞ የሚከፍት ስክሪፕት ከሆነ ደግሞ በፎልደሩ ውስጥ «ዳር» የተባለ ባዶ ፋይል ትቶ ያልፋል፤ ይህን ፋይል ያየ ሰው የስሕተቱን መንገድ አገኘ። መፍትሔው ስሙን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጎ አንድ መሆኑን ለሼሉ ማስታወቅ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አርባ ምንጭ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ እያልን የቦታ ስሞችን በሁለት ቃል የምንጽፍ በመሆናችን ይህ ስሕተት በእኛ አገር መዝገቦች ዘንድ እንግዳ ሊሆን አይችልም።

ስሕተቱ ተማሪዎችን ብቻ የሚያጠቃ አይደለም። በኖቬምበር 2001 እ.ኤ.አ. የአፕል ኩባንያ የአይቲዩንስ 2 ፕሮግራምን ለማኪንቶሽ ተጠቃሚዎች ባወጣ ጊዜ፣ ፕሮግራሙን የሚተክለው ስክሪፕት የቆየውን እትም ለመሰረዝ የዲስኩን ስም በአርጉመንት ይቀበል ነበር። በስክሪፕቱ ውስጥ ይህ ስም በጥቅስ ምልክት አልታጠረም ነበር። የዲስካቸው ስም ክፍት ቦታ የነበረበት አንዳንድ ተጠቃሚዎች የስረዛው ትእዛዝ ከሁለት ተቆርጦ ያልታሰበ ቦታ ላይ በመሥራቱ ሰነዶቻቸውን አጥተዋል። ኩባንያው እትሙን ወዲያው አንሥቶ በተስተካከለ እትም ተክቶታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፦ ስክሪፕቱ ሌላ ነገር ከመሥራቱ በፊት የደረሱትን አርጉመንቶች ከነተራ ቁጥራቸው፣ እያንዳንዱን በጥቅስ ምልክት መካከል አድርጎ እንዲያትም ማዘዝ። የጥቅስ ምልክቱ ጌጥ አይደለም፤ በቃሉ ጫፍ የተደበቀ ክፍት ቦታ የሚታየው በእርሱ ነው። ይህ የሁለት መስመር ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ የስንት ሰዓት ድካም እንደሚያስቀር የሞከረው ያውቀዋል። የኮከብ ምልክት (*) የተጠቀመ ሰውም ልዩነቱን በዚሁ ያየዋል፤ በሊኑክስ ሼሉ ራሱ ምልክቱን ወደ ፋይሎች ስም ዘርዝሮ ሲያስረክብ፣ የዊንዶውስ ትእዛዝ ተቀባይ ግን ኮከቡን እንዳለ ያሳልፈዋል።

መዝገብ የሚያጠፋው ቅደም ተከተል

አሁን ተጠቃሚው የጥቅስ ምልክቱን ተማረ፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ረስቶ የውጤቱን ስም አስቀደመ፦

ፓይተን ደምር ውጤት «ባሕር ዳር» 9

በፓይተን አንድ ፋይል ለመጻፍ በተለመደው ስልት ሲከፈት፣ ገና አንድ ፊደል ሳይጻፍበት በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ስክሪፕቱ የሚጻፍበትን ፋይል አስቀድሞ የሚከፍት ከሆነ የባሕር ዳር መዝገብ በዚያች ቅጽበት ባዶ ሆኗል። ቀጥሎ የሚታየው መልእክት «ውጤት» የሚባል ፋይል አለመኖሩን የሚገልጽ ብቻ ነው፤ ስለጠፋው መዝገብ አንዲት ቃል አይናገርም። ተጠቃሚውም ስሕተቱን ተረድቶ ቅደም ተከተሉን አስተካክሎ ደግሞ ያዛል። በዚህ ጊዜ ምንም የስሕተት መልእክት አይመጣም፤ በውጤቱ ፋይል ላይ 0 ተጽፎ ይገኛል፤ የባዶ ፋይል ድምር ዜሮ ነውና። የሁለት ዓመት የመስክ ልኬት በዚህ መንገድ ሊጠፋ እንደሚችል ማሰቡ ብቻ ያስደነግጣል።

ስለዚህ ግብዓቱን አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ማንበብ፣ ፋይሉን መዝጋት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የውጤቱን ፋይል መክፈት ተገቢ ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. (እትም 3.3) ጀምሮ ፓይተን «ኤክስ» በሚል ፊደል የሚታዘዝ የመክፈቻ ስልት አለው፤ በዚያ ስም ሌላ ፋይል ካለ አልከፍትም ብሎ ይቆማል። በእኛ አስተያየት ለጥናት መረጃ የሚጻፍ ስክሪፕት ሁሉ ይህን ስልት ሊጠቀም ይገባዋል። ስሕተት በምንፈልግበት ጊዜ ደግሞ ስክሪፕቱን በዋናው መዝገብ ላይ መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ ለሙከራው ቅጂ ይበቃል።

ግንቦት ላይ ቆሞ ነሐሴን የሚደምር ስሌት

ስሞቹና ቅደም ተከተሉ ተስተካክለው ስክሪፕቱ ውጤት ሰጠ እንበል። እስከ ግንቦት ያለው ድምር ግን የክረምቱን ዝናብ ያካተተ እስኪመስል ድረስ ከፍ ያለ ነው። መሣሪያውን ወይም መዝገብ ያዡን ከመጠርጠር በፊት አንድ ትንሽ የሙከራ ፋይል እናዘጋጅ፦ 13 መስመር፣ ለየወሩ 1 ሚሊ ሜትር። እስከ 9ኛው ወር ያለው ድምር 9 መሆን ሲገባው ስክሪፕቱ 13 ይላል። እስከ 2ኛው ወር ብንጠይቀው 2 በማለት ፈንታ 6 ይላል። እስከ 13ኛው፣ ማለትም የመላውን ዓመት ድምር ስንጠይቀው 5 ብቻ ይሰጠናል። ዓመቱ ከዘጠኝ ወሩ አነሰ!

ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲታዩ ምስጢሩን ይገልጡታል። በትእዛዝ መስመር የሚገባ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ «9» ለስክሪፕቱ ዘጠኝ የሚባል ብዛት ሳይሆን አንድ የጽሑፍ ምልክት ነው። ከፋይሉ የተነበቡት የወር ቁጥሮችም እንዲሁ ጽሑፍ ናቸው። ጽሑፍ ከጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ምልክት ተነሥቶ ነው፤ «10» በ1 ስለሚጀምር ከ«9» ይቀድማል፤ ከ«2»ም ይቀድማል። በዚህ ሥርዓት ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ሁሉም ከጥቅምት በፊት ይመጣሉ። እስከ 13 ሲባል ደግሞ የሚገቡት 1፣ 10፣ 11፣ 12 እና 13 ብቻ ናቸው፤ አምስት ወር። ሁለቱም ወገን ጽሑፍ በመሆኑ ፓይተን የሚቃወመው ነገር የለም፤ ስክሪፕቱም በጸጥታ ይሳሳታል። ፋይሉን አላገኘሁም ብሎ የሚጮኸው ስሕተት ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር ወዳጅ ነው።

መድኃኒቱ ሁለቱንም ወደ ሙሉ ቁጥር መለወጥ ነው። «አርግፓርስ» የተባለው የፓይተን መደበኛ ሞጁል አርጉመንቱን ገና ሲገባ ቁጥር አድርጎ ለመለወጥና ከ1 እስከ 13 ካልሆነም ለመመለስ ያስችላል። ከፋይሉ የሚነበበውን ግን ስለማይነካው፣ ያንን የመለወጥ ኀላፊነት በፕሮግራመሩ ላይ ይቀራል።

ለዐይን አንድ፣ ለኮምፒውተር ሁለት

በአማርኛ ስም የተሰየሙ ፋይሎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የፊደላችን ምልክቶች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (እትም 3.0) በዩኒኮድ ውስጥ ቋሚ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በዚያ ሰንጠረዥ «ህ» 4613 ሲሆን «ሕ» 4629 ነው። ለአማርኛ አንባቢ «ባህር ዳር»ና «ባሕር ዳር» አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይገናኙ ስሞች ናቸው። ፋይሉን አንዱ ሰው ሲሰይመው ትእዛዙን ሌላው ከጻፈው፣ ዐይን በፎልደሩ ውስጥ የሚያየውን ፋይል ስክሪፕቱ የለም ይላል። ይህን የሚገልጠው እያንዳንዱን ፊደል ከነቁጥሩ ማተም ነው።

ፋይሉ ከተከፈተ በኋላም ጣጣው አያበቃም። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል፤ «ባሕር ዳር» ከነክፍት ቦታው በቁጥር 6 ምልክት ሆኖ 16 ባይት ይይዛል ማለት ነው። ስክሪፕቱ አጻጻፉን ካልተነገረው በቀር ብዙዎቹ የፓይተን እትሞች በዊንዶውስ ላይ የቆየውን የኮምፒውተሩን ኮድ ስለሚከተሉ፣ ፋይሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይነበባል። አጻጻፉን በግልጽ መጥቀስ ይገባል። የዊንዶውስ ኖትፓድ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በዩቲኤፍ-8 ፋይሎች መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ 65279 የሆነ የማይታይ ምልክት ያኖር ነበር፤ በእነዚህ ፋይሎች የመጀመሪያው መስመር «1» ወደ ቁጥር አልለወጥም ቢል ተጠርጣሪው እርሱ ነው።

በግእዝ አኃዝ ለሚጽፉ አንባቢያን አንድ ነገር እንጨምር። ተጠቃሚው በወሩ ቦታ «፱» ብሎ ቢጽፍ፣ አርጉመንቱ አኃዝ መሆኑን የሚጠይቀው «ኢዝዲጂት» የተባለው የፓይተን ትእዛዝ አዎን ይላል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠው «ኢንት» ግን አይቀበለውም። በመጀመሪያው ብቻ ተማምኖ የገባውን የሚያጣራ ስክሪፕት በሩን ከፍቶ አስገብቶ በሚቀጥለው መስመር ይወድቃል። ለዚህ ማጣሪያ የሚስማማው «ኢዝዴሲማል» የተባለው ነው፤ እርሱ ለ«፱» አይደለም ብሎ ይመልሳል።