በመኪና ወደ ጣና ዳርቻ፦ ከመነሳትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

መንገዱን ጠይቀዋል?

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገትም አለበት። ከርቀቱ በላይ የሚያሳስበው ሰላሙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ወይም በመስመሩ የሚመላለስ ሾፌር ይጠይቁ፤ በሚነሱበት ዕለት ጠዋትም ደግመው ይደውሉ። መልሱ ካላረካዎ በአውሮፕላን ይሂዱ ወይም ጉዞውን ያቆዩት። በሌሊት መንዳትን ጨርሶ አያስቡት።

ለጀልባ ስንት ቀን አስበዋል?

ብዙ ሰው ጣናን ከመኪናው መስኮት እያየ የሚሄድ ይመስለዋል። ከባሕር ዳር በሐሙሲት፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር የሚገባው አስፋልት ግን አብዛኛውን ከውሃው ርቆ ነው የሚያልፈው። የሚያዩት የፎገራን ሜዳና የሩዝ ማሳውን ነው፤ እሱም ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው። ሐይቁን የሚፈልግ ግን መኪናውን አቁሞ ጀልባ ይሳፈር። ለመንዳት አንድ ቀን ካሰቡ ለጀልባ ሁለት ይያዙ።

ጠዋት በማለዳ ይነሱ። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ ቶሎ ያይላል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አይውጡ። ዋጋውንም የሚጠብቅዎትን ሰዓት ጨምረው፣ ከመሳፈርዎ በፊት ይስማሙ።

ያለዎት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ዘጌ ይበቃዎታል። በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር እየሄዱ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ይሳለማሉ፤ የኡራ የግድግዳ ሥዕሎች ብቻቸውን ረዘም ያለ ሰዓት ይፈልጋሉ። አምስት ገዳም በጥድፊያ ከማዳረስ ሁለቱን ረግቶ ማየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ደቅ ደሴት ላይ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን ርቀቱ ሙሉ ቀን ይወስዳል። እቴጌይቱ ከእመቤታችን ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ሥዕል ሳያዩ አይመለሱ።

አብረውዎት የሚሄዱት እነማን ናቸው?

ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴት አይገባባቸውም። ይህን ጀልባው ላይ ከወጡ በኋላ ከመስማት ቤት ሳሉ ማወቅ ይሻላል፤ እናትና እህት ወደብ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ጉዞ ደስ አይልም። ዘጌ፣ ናርጋ ሥላሴና ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ነጠላና ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ይያዙ።

ልጆቹ መዋኘት ይፈልጋሉ?

ላንጋኖ የለመዱ ልጆች ካሉዎት አስቀድመው ይንገሯቸው። ጣና ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ፤ ዳር ላይ እግር መንከር እንኳ አይመከርም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬዎች አሉ፤ ከጀልባ ሆኖ በርቀት ማየት ነው። ወባም ስላለ አጎበር ያለው ማደሪያ ይምረጡ።

በየትኛው ወር?

መስከረምና ጥቅምት። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ በበጋ ሄደው የሚያዝኑ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ በጨረጨራ ግድብ ይመጠናል፤ ብዙው ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል። ስለዚህ ከጥር በኋላ ከሆነ ፏፏቴው ምን ያህል እንደሚወርድ ሳይጠይቁ አይነሱ። ወደዚያ በእግር ሲወርዱ የሚያቋርጡት የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ግን በማንኛውም ወር ያው ነው።

በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለውን ጎርጎራን ካሰቡ በአዘዞ በኩል ታጥፈው በቆላ ድባ ይወርዳሉ። ደብረ ሲና ማርያምን ያያሉ። በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ የተባለው አረም ውሃውን ሸፍኖት ሊያገኙ ይችላሉ፤ የአካባቢው ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ዓመታት አልፈዋል። እርስዎም ቢያንስ የውሃ ፕላስቲክዎን ይዘው ይመለሱ።

መግቢያ በየገዳሙ ለየብቻው ይከፈላል፤ ደሴት ላይ ባንክ ስለሌለ ዝርዝር ብር ይያዙ።